በአየር ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት

የተጣሉበት ገንዘብ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ብር ነበር።

አባት ጠዋት ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ሐኪሙ ሆዳቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ መሆኑን ለወንድና ለሴት ልጃቸው ነገራቸው፤ ቀዶ ጥገናው የሚሠራው ትልቁ ከተማ ነው። «ቢበዛ የአሥር ሰዓት ጊዜ አላችሁ» አለ። በአውሮፕላን ሃምሳ ደቂቃ፣ በመኪና ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል።

ትኬት ቢሮው ከከተማው ማዶ ነው። ወንድምየው ሮጠ፤ እህትየው የአባቷን ልብስ ሰብስባ ሳትጨርስ ተመለሰ።

«እስከ ነገ ወዲያ ሞልቷል» አለ። የግል አምቡላንስ ይዞ መጥቷል።

«በኪሎ ሜትር ሃምሳ ብር» አለ ሹፌሩ። «አራት መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሃያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ።»

ወንድምየው ስልኩን አውጥቶ አሳየው። «ከዚህ እስከዚያ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ነው።»

«እሱ በአየር ነው ጌታዬ። እኔ ክንፍ የለኝም።»

«መንገዱን ያጣመምኩት እኔ ነኝ? ለተራራ ዙሪያ አልከፍልም።»

«እንግዲያው ተራራውን ገፋ አድርግልኝ።»

«ጋሼ፣ ስጠውና እንሂድ» አለች እህትየው።

«አንቺ ዝም በይ። ዛሬ የጠየቀንን ከሰጠነው ነገ ቤታችንን ይጠይቀናል።»

አባት ቃሬዛው ላይ እንደተኙ ፈገግ አሉ። «ተዪው፤ እኔን ነው የወጣው።» ለአንድ ከረጢት ዱቄት ግማሽ ቀን ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ ሹፌሩ «እሺ፣ በአየሩ ይሁን» አለ። ዐሥራ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ብር ቆጥሮ ተቀበለና ሞተሩን አስነሳ።

እህትየው ዓይኗን ከሹፌሩ ማጅራት ላይ አልነቀለችም። ነዳጅ ሲቀዳ ቆየ። ጎማ ሲያይ ቆየ። ወንድምየው በየቆመበት ይሰድበዋል።

«ሐሙስን እንዳትረሱ» አሉ አባት። «ሳልድን ብቀር እንኳ ተሸክማችሁ ውሰዱኝ።» ሐሙስ ወፍጮ ቤቱን በሴት ልጃቸው ስም ሊያዞሩላት ቀጠሮ ይዘው ነበር።

ዳገቱ መሐል አምቡላንሱ ዳር ይዞ ቆመ። ሹፌሩ ቆጣሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት። የከፈላችሁት እዚህ አለቀ።»

እህትየው የጆሮ ጌጧን ፈታች። ወንድምየው እጇን ያዘ።

«መልሺው። ለሌባ ወርቅ አይሰጥም።»

ወርዶ የሹፌሩን ኮሌታ አነቀ። የአባት ግሉኮስ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ድረስ ተሰዳደቡ።

«ልጄ፣ ለእኔ ብለህ አትደባደብ» አሉ አባት። ድምፃቸው እህትየው ጋ ብቻ ደረሰ።

ሹፌሩ እያጉረመረመ መንገዱን ቀጠለ። የትልቁ ከተማ መብራት ከታች ብቅ ሲል አባት አረፉ።

ቀብሩ ላይ እህትየው ሹፌሩን ረገመችው። ለቀስተኛውም አብሯት ረገመ። ወንድምየውን ግን ለአባቱ ገንዘብ እንደ አባቱ የቆመ ልጅ ነው አሉት። ሐሙስ አለፈ፤ ያልተፈረመው ውል ቀረና ወፍጮ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ዓርብ ዕለት ወንድምየው ጋራዥ ድረስ ሄዶ የሹፌሩን ሒሳብ ዘጋ፦ ለቀሪው መንገድ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ፣ ለጭቅጭቁ መቶ ሺህ።