ስም በመጨረሻ ይሞላል

ገለታ ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከፍርድ ቤት አጥር ጋር በተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ሲጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ባለጉዳይ አክብሮ አያውቅም። ባሎቹን በስስታቸው ይንቃቸዋል፣ ሚስቶቹን በእንባቸው። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን ቀለብ ልትጠይቅ የምትመጣውን ነው።

ያን ቀን ምሳውን ጥብስ በልቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ሲመለስ አንዲት ወጣት በሩ ላይ ቆማ አገኘ። ሰምሀል እባላለሁ አለችው፤ ሽሮ ሜዳ የነጠላ ሱቅ አላት። የመጣችው ለጎረቤቷ የቀለብ ማመልከቻ ልታስጽፍ ነው። ጎረቤቷ ከባሏ ቤት ወጥታ እዚያ ሰፈር ከገባች ወር ሊሞላት ነው፤ የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ የምትበላው የላትም።

ገለታ በልቡ ሳቀ። ያፈረች ሴት ሁሉ የምታስጽፈው ለጎረቤቷ ነው። የጣቷን ቀለበት ስታሽከረክር ሲያይ ደግሞ ጥርጣሬው ሁሉ ለቀቀው።

«ቀለብ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላት ኮምፒውተሩን እየከፈተ። «ድሮ ለወታደርና ለበቅሎ የሚሰፈር ነበር። ወታደሩ ይዋጋል፣ በቅሎዋ ትጫናለች። ዛሬ ሕጉ ለሚስትም ስፈሩ ይላል።»

«እሷም ስትጫን ነው የኖረችው» አለች ሰምሀል።

ምስክር እንዳላት ጠየቃት። የላትም፤ ሁሉም ነገር የሆነው በር ተዘግቶ ነው። እንግዲያው ዳኛው ባዶ እጇን እንደሚመልሳት ቁርጡን ነገራት።

«ለዚህ እኮ ነው እርስዎ ጋ የላከችኝ። ብዙ አትንገሪያቸው፣ ራሳቸው አሳምረው ይጽፉታል አለችኝ።»

ይህ ደስ አሰኘው። እውነትም ገለታ ባለጉዳይ ጠይቆ አይጽፍም። የሴት ወሬ የሚያዳምጥበት ትዕግሥት የለውም፤ የባልን በደል ከራሱ አውጥቶ ይጽፋል። ጣቶቹ ሮጡ። ባልየው የጤፉን በርሜል ይቆልፋል፤ ጠዋት ጠዋት ዱቄቱን በኩባያ ሰፍሮ ይሰጣታል። እሱ ውጭ ሥጋ በልቶ ይመጣና ድስቱን ከፍቶ ምን ያህል ሽሮ እንደጎደለ ያያል። ከገበያ ስትመለስ ቦርሳዋን ይበረብራል። የታመመች ጊዜ የታዘዘላትን መድኃኒት ግማሹን ብቻ ገዝቶ፣ ከተሻለሽ የቀረው ለምን ይባክናል ብሏታል።

ሰምሀል የታተመውን ወረቀት ተቀብላ አነበበች። መድኃኒቱ ጋ ስትደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይኼን አንድ ቀን ብቻ ነው የነገረችኝ። እርስዎ እንዴት አወቁት?»

«ባል የሚባል ፍጥረት አንድ ነው» አላት። «እንዲህ ዓይነቱን ወራዳ ዳኛ ፊት አቁሞ ማዋረድ ነው።»

ከቀበቶው ካንጠለጠላቸው ሦስት ቁልፎች በአንዱ መሳቢያውን ከፈተና ማህተሙን አወጣ። የአመልካችና የተጠሪ ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል፤ ስሜ ተሳሳተ እያለ የሚነዘንዝ ስለሰለቸው ባለጉዳዩ በእጁ እንዲሞላ ያደርጋል። መጀመሪያ ሂሳቡን ተቀበለ። ቀጥሎ በየገጹ ግርጌ ማህተሙን መታ፣ ፈረመም። ከፊርማው በላይ ሌሎቹ ጸሐፊዎች የማይደፍሩት፣ እሱ ግን ለክብሩ ብሎ የጨመረው ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አውቄ አዘጋጅቻለሁ።»

ሰምሀል እስክሪብቶ እንዲያውሳት ጠየቀች። ሰጣት። ለጎረቤቴ ነው ስትል ቆይታ የራሷን ስም ስትጽፍ አይቶ ሊስቅባት አንገቱን አሰገገ። እሷ ግን ከተጠሪው ጀመረች።

«አቶ ገለታ ጉታ፤ ሥራ፦ ማመልከቻ ጸሐፊ።»