የሠናይት ስም

ወይዘሮ አስካለ በስልሳ ዓመታቸው የጎልማሶች ትምህርት የገቡት የልጃቸውን ስም ለመጻፍ ብለው ነው። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ለመለየት ብቻ ወራት ፈጀባቸው። በመጨረሻ «ሠናይት ልጄ፣ ምሳ በላሽ ወይ?» ብለው በስልክ ቢልኩ መልእክቱ ተመለሰ። ሠናይት የግል የሙዚቃ ሥራዋን በኢንተርኔት ለማስተዋወቅ ስሟን አስመዝግባለች፤ የተመዘገበ ስም ደግሞ በዚህ ዘመን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከማንም ስልክ አይወጣም።

ደወሉላት።

«እማዬ፣ ስሜ ዋጋ የሚኖረው ማንም እንደፈለገ ካልጻፈው ነው።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

ሠናይት ዘዴ ነገረቻቸው። «በእሳቱ ሰ ጻፊው፤ ያልፍልሻል።»

«ሰናይት» ብለው ላኩ፤ አለፈ። እጃቸውም ለመደው።

ከፈተና በኋላ መምህሩ ወረቀታቸውን ሲመልስ «ሰናይት» ብለው የጻፉት ስም ላይ ቀይ ኤክስ ነበረበት። «እትዬ አስካለ፣ የገዛ ልጅዎን ስም ይሳሳታሉ?» አላቸው እየሳቀ።

«በንጉሡ ሠ የምትጻፈው የገበያዋ ናት» አሉት፤ «የእኔዋ ይቺ ናት።»