አናጺው አራት ጊዜ የቀደደው ወረቀት

ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል። አሁን አራት ሰዓት ሆኗል፤ የአናጺው የሕይወት ታሪክ ግን ገና አልተጻፈም።

በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈው አናጺው ራሱ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ብዕር አንስቶ አያውቅም። በቁሙ ሰላምታ የነፈገውን ሰው እንኳ አሳምሮ ነው የሚሸኘው። ጎረቤቱን ሁሉ ሲሳደብ ለኖረው ሥጋ ሻጭ «የልቡን ከመናገር ወደኋላ የማይል» ብሎ ጽፎለት፣ ለቀስተኛው ሳቁን መደበቂያ አጥቶ ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ማን ይጻፍለት? ከትናንት በስቲያ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ በነጻ ሊጠግን ወጥቶ፣ ወድቆ ሞተ። መሰላሉን የሚይዝለት ሰው እንኳ አላስቸገረም።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ከጠዋት ጀምሮ ሲታገል ቆይቶ ወረቀቱን ለሟቹ ሚስት ዘረጋላት። «ደግ ሰው ነበር» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

«ይኼው ነው?» አለችው።

«እህቴ፣ እኔ መርፌ እንጂ ብዕር አላውቅም። ሁሉ ነገሩ ይመጣብኛል፤ ስጽፈው ግን ይጠፋል።»

ሚስቲቱ ሆድ ባሳት። የሰፈሩን የውሃ መስመር ያስገባ፣ የስንቱን በር በነጻ የገጠመ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ራቱ የሚቀዘቅዝበት ሰው፣ ዛሬ በሦስት ቃል ሊቀበር ነው። ለሁሉም ቃል ያልቸገረው ሰው ለራሱ ቃል አጣ።

ልብስ ሰፊው ጭንቅላቱን እያከከ ቆየና፣ «ግን እኮ…» አለ። «ባለፈው ወር አንድ የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው ብሎኝ ነበር።»

«የማንን? ባለፈው ወር ማን ሞተ?»

«ማንም። እኔም ይህንኑ ጠየቅኩት። ‹ይሄኛው አሸነፈኝ፤ አራት ጊዜ ቀደድኩት› አለና ወደ እንጨቱ ዞረ።»

ሴትዮዋ ቁጭ ካለችበት ብድግ አለች። «የራሱን ነው! እንደሚሞት አውቆ ነበር!»

አሁን ሁሉም ነገር ገጠመላት። ሰኔ ላይ መነጽር ላሠራልሽ ብሎ ሐኪም ቤት ወስዷት፣ እሷን ኮሪደር ላይ ትተው እሱን ወደ ውስጥ መልሰው ጠሩት። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ሆንክ ብትለው፣ «እግረ መንገዴን ቢለኩኝ ደም ግፊት አለብህ አሉኝ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልቀመስ አለው። የሰፈሩን ማኅበር ሊቀመንበርነት በቃኝ ብሎ ለቀቀ። የጎረቤት ጉዳይ ከተነሳ ጫማውን ሳያስር ይወጣ የነበረ ሰው፣ በጊዜ እየገባ እሷን ሲያይ ያመሽ ጀመር።

«ልጅ ሳለሽ ማን ብለው ነበር የሚጠሩሽ?» ብሎ ጠየቃት አንድ ቀን።

«በእርጅናህ እንደገና ልታጨኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን አልሳቀም።

«ሞቱን ይዞ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እኔ እቀልድበታለሁ!» አለችና ደረቷን መታች።

ልጇን ጠርታ ሦስቱም ወደ አናጺው ሥራ ቤት ሄዱ። ሚስቲቱ እንደ ወፈፌ ሆነች። የሙጫውን ቆርቆሮ ደፋች፤ ጣውላውን አንድ በአንድ አገላበጠች፤ የሚስማሩን ሳጥን መሬት ላይ ዘረገፈችው። «የሰውን ገበና ስትሸፍን ኖረህ የራስህን ከእኔ ደበቅህ?» እያለች ከሌለው ሰው ጋር ትጣላለች።

«እማዬ፣ ትንሽ አረፍ በይ» አለቻት ልጇ።

«ስቀብረው አርፋለሁ!»

ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ሆነ። ከአሁን አሁን ሰዎች ይመጣሉ። በመጨረሻ የቀረው የተቆለፈው መሳቢያ ነው፤ ቁልፉ የለም። ልብስ ሰፊው መሮ አንስቶ ፈለቀቀው። አራት የተቀዳደዱ ወረቀቶች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ በንጹህ የተገለበጠ አንድ ወረቀት፣ በአናጺው እርሳስ የተጻፈ።

«ተመስገን!» አለ ልብስ ሰፊው። «ሰው ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስም ይባላል፤ እሱ መቼም አሳንሶ ይሆናል። ቢሆንም ከእኔው ይሻላል።»

ሚስቲቱ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ሊያነቡለት ነው፤ ባሏ እንደ ሰው ሊሸኝ ነው። ልታነበው ስትሞክር ግን ፊደሉ ተደበላለቀባት። ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ዓይኗ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ለቅሶው ተጨመረበት። ለልጇ ሰጠቻት።

ልጅቱ በዓይኗ ሄደችበት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ይቅር እማዬ። እኔ ራሴ ሌላ እጽፋለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው? አንብቢ!»

«እማዬ፣ እባክሽ…»

«አንብቢ አልኩሽ! አባትሽ በገዛ እጁ የጻፈውን ሳልሰማ አልቀብረውም።»

ልጅቱ ልብስ ሰፊውን አየችው። እሱም አልገባውም፤ በጭንቅላቱ «አንብቢላት» አላት። ወረቀቱን መልሳ ዘረጋች። እናቷ እጇን ጨብጣ ጠበቀቻት።

«የውድ ባለቤቴ የሕይወት ታሪክ» ብላ ጀመረች ልጅቱ፤ «ሕመሟን ሳልነግራት፣ እኔንና አንዲት ልጃችንን ትታን ያረፈችው በ…» ከዚያ በኋላ ቀኑ አልተሞላም።