ኤምባሲ የሚመላለሰው ቀለበት

ቀለበት ማለት... በጣት ላይ የሚጠለቅ፣ ዙሪያው ክብ፣ መሃሉ ባዶ የሆነ ጌጥ ነው።

ከወርቅ ወይም ከብር ይሠራል። ያደረገችው ሴት ለአንድ ሰው ቃል እንደገባች ይመሰክራል።

በጭሮ ከተማ ግን ለብዙ ሴቶች የመሰከረ አንድ ቀለበት አለ...

"እንኪ፣ አድርጊው" አላት ዳጊ፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥቶ።

ዳጊ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ፣ የውጭ ትምህርት አማካሪ ነው። ራሱ ውጭ አልሄደም። ምክሩን ግን ብዙ ሰው ይዞ ሄዷል... እስከ ኤምባሲው በር።

ቀነኒ ቀለበቱን አላነሳችውም።

የበደሳ ገበሬ ልጅ ናት። የቡና በሽታ ለመማር ውጭ አገር ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝታለች። ፓስፖርቱ፣ የመቀበያ ደብዳቤው፣ የጤና ምርመራው... ሁሉም ተሟልቷል።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ተምራ እንደምትመለስ ቆንስሉን ማሳመን።

"ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ በስሟ ቤት የላት" አለ ዳጊ፣ አብረዋት ለመጡት ለእናቷ ለወይዘሮ ኮከቤ። "በእነሱ ዓይን ይቺ ልጅ አየር ላይ ናት እናቴ። እጮኛ ያስፈልጋታል።"

"እጮኛዬ ማን ነው?" አለች ቀነኒ።

"ደጀን።"

"ደጀን ማን ነው?"

"ኢንጂነር ነው።"

"አውቀዋለሁ?"

"በጣም ትዋደዳላችሁ።"

እናቷ ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። ወይዘሮ ኮከቤ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናቸው፤ ውሸት አይወዱም። የልጃቸው ዕድል እንዲያመልጥም አይወዱም።

"ልጄ... ጌታ ልብሽን ያውቃል። ለአንድ ጠዋት ብቻ አድርጊው።"

"ጌታ የሚያውቀውን ለቆንስሉም ልንገረዋ እማዬ። የምመለስበት የራሴ ምክንያት አለኝ።"

"ምንድን ነው?" አለ ዳጊ።

"የአባቴ ቡና።"

"ቡና እጮኛ አይሆንም እህቴ።"

እዚህ ላይ ስለ ቡናው ትንሽ ልንገራችሁ...

የአባቷ የአቶ ጉርሜሳ ጎረቤቶች ቡናቸውን ነቅለው ጫት ተክለዋል። አይፈረድባቸውም። ጫቱ ተቆርጦ እንደገና ይለመልማል፤ ቡናው ፍሬው እየጠቆረ ይረግፋል።

አቶ ጉርሜሳ ገበያ በወጡ ቁጥር አንዱ ይጠይቃቸዋል።

"ጉርሜሳ፣ አንተስ መቼ ነው የምትነቅለው?"

"ልጄ ተምራ ስትመጣ እሷ ንቀል ካለችኝ እነቅላለሁ።"

ይስቃሉ። "ውጭ ሄዶ ለቡና ብሎ የተመለሰ ሰው አይተሃል?"

አቶ ጉርሜሳ አላዩም። ግን አልነቀሉም።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ቀነኒ አዲስ አበባ ገባች... ጣቷ ባዶ ነው።

"እጮኛ አለሽ?" አላት ቆንስሉ፣ ከመስኮቱ ጀርባ።

"የለኝም።"

"ታዲያ ለምን ትመለሻለሽ?"

"አባቴ ቡናውን ሳይነቅል እየጠበቀኝ ነው።"

ቆንስሉ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ጠበቀ... የሚቀጥል ነገር ያለ መስሎት። አልነበረም።

ተከለከለች።

ጭሮ ስትገባ ዳጊ "ብዬሽ ነበር" አላለም። መሳቢያውን ብቻ ከፈተ።

"ዝጋው" አለችው።

"ቀነኒ፣ እልህ ቪዛ አያሰጥም።"

"እውነቴን ተናግሬ ሲከለክሉኝ የከለከሉት እኔን ነው። ዋሽቼ ቢሰጡኝ ግን የሚሰጡት ለደጀን እጮኛ ነው። እሷን አላውቃትም።"

ማታ ለአባቷ ደወለች። መከልከሏን ነገረቻቸው።

አቶ ጉርሜሳ ብዙ አላወሩም። "ኢንተላ ኮ... ቡናው አለ" አሉ። የኔ ልጅ ማለታቸው ነው። የቀረውን እሷ ታውቀዋለች።

እንደገና አመለከተች። እንደገና መስኮቱ ጋ ቆመች። በዚህኛው ቀን የተቀመጠችው ሴት ነበረች።

"ባለፈው ተከልክለሻል። ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?"

"ምንም።"

"እጮኛ?"

"የለኝም። ቡናው ግን አልተነቀለም።"

ሴትዮዋ ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። "የጎረቤቶቻችሁስ?"

"ተነቅሏል።"

"አባትሽ ለምን አልነቀሉም?"

"እመለሳለሁ ስላልኩት።"

ቪዛውን ሰጠቻት። ለምን እንደሰጠቻት አልነገረቻትም። እነሱ ምክንያት የሚናገሩት ሲከለክሉ ነው።

ቀነኒ ከመሄዷ በፊት ዳጊን ልትሰናበት ፎቁ ላይ ወጣች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ... ቀለበቱን ከየት አመጣኸው?"

ዳጊ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ባጃጆቹ ተመለከተ።

"የሮዳስ ነው።"

"ሮዳስ ማናት?"

"እጮኛዬ... የእውነቷ። ለትምህርት ስትሄድ ጣቷ ላይ ነበር። ትመለሻለሽ ወይ ሲሏት እሱን አሳየቻቸው። አመኑ። እኔም አምኜ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ቀለበቱ ተመለሰ። በሰው ላከችው።"

ቀነኒ መሳቢያውን ተመለከተች። ዳጊ ግን እንደ ልማዱ ቀለደ። "ደጀንን ምን ልበልልሽ?"

"አልጠብቅህም ብላለች በለው።"

ወገኖቼ... እውነት የተናገረ ሁሉ ቪዛ ያገኛል እያልኩ አይደለም። ቀነኒም መጀመሪያ ተከልክላለች፤ ሁለተኛም ልትከለከል ትችል ነበር።

የምለው ይህን ነው። የራሳችሁ ምክንያት ትንሽ ቢመስልም፣ ገበያ ላይ ቢሳቅበትም፣ እሱኑ ይዛችሁ ቁሙ። የተዋሳችሁት ምክንያት እስከ መስኮቱ ያደርሳችሁ ይሆናል... ቤታችሁ ግን አይመልሳችሁም።

እናንተ ብትሆኑ፣ አንዴ ከተከለከላችሁ በኋላ ቀለበቱን ታደርጉት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልን... ግን እውነቱን።

ቀነኒ ተምራ ጨርሳ በደሳ ገብታለች። ቡናውን ዞራ ካየች በኋላ ለአባቷ የሰጠቻቸው የመጀመሪያ ምክር "ግማሹን ንቀለው" የሚል ነው።

ነቀሉት። በቦታው በሽታውን የሚቋቋም ቡና ተከሉ።