የቡላ ዳሌ

ቡላ የጉዴና የባሏ የጋዲሳ ውሻ ነው። የቀኝ ዳሌው ብረት ነው፤ ከውጭ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተክሎለት አገሩ ገብቷል። አሁን ብረቱ ከቦታው ተናግቶ ውሻው አምቦ ያለው የዶክተር ሃዋኒ ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

ሃዋኒ ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ብረቱን የያዘው አጥንት ተሰንጥቋል። የእንስሳት ሐኪም ሆና ስትኖር ዱላ የሚሠራውን ታውቃለች። ባልና ሚስቱን አስጠራች።

ሁለቱ ሲገቡ ቡላ ሽንቱን ለቀቀው።

«ባጃጅ ገጭቶት ነው» አለች ጉዴ። ቀጭን ሴት ናት፤ ግራ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

ጋዲሳ በሩን ሞልቶ ቆመ። ባኮ ከተማ በቆሎ ሲጭን የኖረ፣ ኩንታል በአንድ ትከሻው የሚያነሳ ሰው ነው። በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቷል።

«ኦቦ ጋዲሳ፣ ባጃጁን አይተውታል?»

ሚስቱን አየ። «ባጃጅ ነው» አለ።

የሃዋኒ ደም ፈላ። ሰውየውን ውጭ ጠብቅ ብላ አስወጣችው።

«አዴ ጉዴ፣ ብረቱን እቀይርለታለሁ። እንደገና ከተመታ ግን የምተክልበት አጥንት አይኖርም፤ ያልቅለታል። ይሄ እጅዎስ?»

ጉዴ አለቀሰች። ሃዋኒ ሌላ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ውሻውን አደንዝዛ ከፈተችው። የላላውን ብረት በመሮና በመዶሻ ከአጥንቱ ነቀለችው፤ ደም መነጽሯ ላይ ተረጨ። መዶሻውን ባነሳች ቁጥር የጋዲሳ ፊት ይመጣባት ነበር፤ ደስም ይላት ነበር። አዲሱን ሰካች፣ ሰፋች፣ ወደ ቤቱ ላከችው።

ሳምንት ሳይሞላ የጉዴ ጎረቤት አየለች ደወለች።

«ዶክተር፣ ያ ቤት ዛሬም ዱላ ላይ ነው። የውሻው ጩኸት አላስቀምጥ አለኝ።»

ሃዋኒ ሲንቄዋን ከግድግዳው አወረደች። እናቷ ሲድሯት የሰጧት ዘንግ ነው። ሚስት ተመታች ሲባል ሴቶች ይህን ይዘው ይወጣሉ፤ ባልየው በሬ አርዶ ይቅርታ ሳይጠይቅ ቤታቸው አይገቡም። የጉዴን ሰፈር በእልልታ ቀሰቀሰችው። ሊጥ ያቦካችው እጇን ሳትታጠብ፣ ሱቅ ያላት ሱቋን ሳትዘጋ ተከተሏት።

«ዛሬ በሬ አርዶም አይተርፍም» አለች አየለች።

ከደጅ ሲደርሱ ዱላው ሥጋ ላይ ሲያርፍ ተሰማ። ሃዋኒ በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

ጋዲሳ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ራሱን በክንዶቹ ሸፍኗል፤ ቡላ ስፌቱ ተተርትሮ፣ በደም የራሰ እግሩን እየጎተተ ጌታው ላይ ተጋድሞ ጥርሱን አግጥጧል፤ ዱላው በጉዴ እጅ ነበር።