ለሁለት የተቆረጠው ዳሞት ሶሬ

ደጉ የያሬድን ማጅራት ጨምድዶ ይዞ ፊቱን ከኪቦርዱ ጋር ያላትመዋል። አንዴ። ደግሞ። የተነቀሉ ቁልፎች ወለሉ ላይ ይበተናሉ።

«መኪናዋ የታለ? እህቴ ደም ይፈሳታል! ጣፈጠች እየሞተች ነው!»

ያሬድ ሶዶ ውስጥ ያለች የአንዲት የግል አምቡላንስ ድርጅት ፕሮግራመር ነው። ሰውየውን ገና አሁን ማየቱ ነው። ከጉኑኖ በሞተር እየበረረ የመጣ፣ ጭቃ በጭቃ የሆነ ሰው። እህቱ ከወሊድ በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሶዶ ውሰዷት ካለ ቆይቷል።

«ልከናል እኮ! ተው በእናትህ!» ትላለች ስልክ ተቀባይዋ ብርነሽ፣ ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ። በክርኑ ደረቷን ሲላት ከግድግዳው ጋር ትጋጫለች።

ያሬድ ደም በሸፈነው ዓይኑ ስክሪኑን ያያል። አምቡላንሷን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ ቦዲቲ ላይ ቆማለች። ዳሞት ጋሌ ወረዳ! ጉኑኖ ደግሞ ዳሞት ሶሬ ነው፤ በሌላው መንገድ።

አድራሻ የሚገባው «ወላይታ/ዳሞት ሶሬ/ጉኑኖ» ተብሎ ነው። ፕሮግራሙ እዝባሯ «/» ላይ እየቆረጠ፣ ዛፍ እንደሚወጣ ሰው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ከተማ ይሄዳል። ስልክ ተቀባዮቹ አንዳንዴ እዝባሯን ስለሚረሱ፣ ያሬድ ትናንት በቃላት መካከል ያለ ክፍት ቦታ ላይም እንዲቆርጥ አደረገው። ብልጥ መሆኑ ነው! ዳሞት ሶሬ ለሁለት ተቆረጠ። ዳሞት ብቻ የሚባል ወረዳ የለም፤ ፕሮግራሙ በዳሞት ከሚጀምሩት ቀድሞ የተመዘገበውን ዳሞት ጋሌን ያዘ። ሾፌሩ የሚነዳው ካርታው ወዳሳየው ነው።

«ብርነሽ! ለማሞ ደውይለት! ወደ ጉኑኖ ይዙር!»

የሾፌሩ የማሞ ድምፅ ከስፒከሩ ይሰማል። «ቦዲቲ ነኝ። በሽተኛ የሚባል የለም እዚህ።»

«ቦዲቲ?» ይላል ደጉ። ወንበር አንስቶ የያሬድን ትከሻ ይለዋል። አጥንት ቀጭ ሲል ብርነሽ ትጮኻለች።

ያሬድ ከወደቀበት ጠረጴዛውን ተደግፎ ይነሳል። አይሸሽም፤ ሙያው ያመጣበት እብደት ነው፣ ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ ኮዱን ያርማል። በደህናው እጁ ትናንት የጨመራትን የኮድ መስመር ያጠፋል። አድራሻውን እንደገና ያስገባል። ደጉ ወንበሩን ሽቅብ እንደያዘ፣ ያሬድ ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶት ያየዋል።

ቀይዋ የመድረሻ ምልክት ከቦዲቲ ተነስታ ጉኑኖ ላይ ታርፋለች።

«ተስተካከለ» ይላል ያሬድ። በደም በተሞላ አፉ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «አየህ? ጉኑኖ!»

የደጉ ስልክ ይጠራል። ወንበሩን ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጥና ስልኩን ያነሳል። ያዳምጣል።

ከዚያ የያሬድን ጸጉር ይዞ ቀና ያደርገውና ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፍበታል።

ከስልኩ ውስጥ ሴቶች የጣፈጠችን ስም እየጠሩ ዋይ ዋይ ይላሉ። ያሬድ ራሱን ሊያሸሽ ይታገላል፣ ደጉ አይለቀውም። ስክሪኑ ላይ ቀይዋ ምልክት ጉኑኖ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች።