ያልተጠራው ስም

ከወንዶቹ ክፍል ግድግዳ ላይ የወይን ጠጁ አተላ ደርቆ ነበር። እመቤቲቱ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ፊት ለፊቱ ቆመች። ትናንት ባሏ ጓደኞቹን ሲጋብዝ፣ ጨዋ ሚስት ከወንዶች ግብዣ አትቀርብምና፣ እሷ ፎቅ ላይ ሆና ሳቃቸውን ብቻ ስትሰማ ነበር።

«በጨዋታቸው የጽዋቸውን አተላ ወደ ነሐሱ ሳህን ሲወረውሩ፣ እያንዳንዱ የሚወዳትን ሴት ስም ጠርቷል አይደል?» አለቻት አገልጋይዋን ትራታን።

«እንደ ወጉ ነዋ፣ እመቤቴ።»

«የእኔው ሰውዬስ ማንን ጠራ? ያቺን ለግብዣው የመጣችውን ዋሽንት ነፊ? እንዳትደብቂኝ።»

ትራታ ሳቀች። «ማንንም አልጠራም። ‹ምነው፣ ምላስህን ዋጥከው እንዴ?› ብለው ቢያፌዙበት፣ ‹የእሷ ስም በወንዶች ፊት አይነሳም› አላቸው።»

የእመቤቲቱ ፊት ጋለ። በወንዶች መሀል ስማቸው እንደልብ የሚጠራው የአዝማሪዎቹና የውሽሞቹ ነው፤ የጨዋ ሚስት ስም ግን አይነሳም። ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ቅናት ለቀቃት። እድፉን ሳትጠርገው በጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«ታዲያ ምን አሉት?»

«አጨበጨቡለት። ጎረቤታችን ብቻ ጽዋውን አስቀምጦ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።»

ጣቷ ግድግዳው ላይ ቀረ። የጎረቤትየው ሚስት ባለፈው በዓል ከጓሮ አጥሩ ማዶ ቆማ አበባ ስትጎነጉን በዓይነ ሕሊናዋ ታየቻት። እሷም ጨዋ ሚስት ናት፤ የእሷም ስም በወንዶች ፊት አይነሳም።

እመቤቲቱ ጨርቁን ነከረችና፣ የግድግዳው ኖራ እስኪላጥ ድረስ እድፉን አሸችው።